ለእናት አባቶቻችን የጉልበት ሕመም የቱ ይሻላል? እንቅስቃሴ፣ ቅባት፣ ኪኒን፣ መርፌ ወይስ ቀዶ ሕክምና

እማዬ መድኃኒቶቿን የምታስቀምጠው በአንድ ጥቁር ፌስታል ነው። ፌስታሉ ትራሷ ሥር ነው የሚያድረው። ጉልበቷ ብሶባት ከአልጋ ለመውረድ ሰው መጥራት ስትጀምር፣ አንድ ቀን ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ገለበጥኩት። የግፊቷ ኢናላፕሪል አለ። ውኃ የሚያሸናት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አለ። ዳይክሎፌናክ አለ። ጎረቤት የሰጠቻት ኢቡፕሮፌን አለ። ግማሹ ያለቀ ኢንዶሜታሲንም አለ። ከሥር ደግሞ እህቴ ከአሜሪካ የላከችላት ትልቅ የግሉኮሳሚን ብልቃጥ።

ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ስማቸው ይለያይ እንጂ የአንድ የማስታገሻ መድኃኒት ቤተሰብ ልጆች ናቸው። እማዬ ግን "ይሄ የጠዋት፣ ያ የማታ፣ ይሄኛው ሲጠናብኝ" እያለች ሦስቱንም ትውጥ ነበር። አንዱን ፋርማሲ ሰጣት፣ አንዱን ጎረቤት፣ አንዱ ከድሮ የተረፈ ነው። ሁሉም ሊረዳት ብሎ ነው። የኩላሊት ምርመራ ስናስደርግ ክሬአቲኒኗ (ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ) ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ ሦስቱንም አስቆማት፤ ከሳምንታት በኋላ ቁጥሩ ወረደ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጊዜ ደረስን።

ሐኪም አይደለሁም። እናቴን ይዤ የተመላለስኩ፣ የጠየቅኩና ያነበብኩ ልጅ ነኝ። ያኔ አንድ ሰው አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ቢያሳየኝ ብዙ ነገር ባልተሳሳትኩ ነበር። ብዙዎቻችን ቅደም ተከተሉን ገልብጠን ነው የምንይዘው። መጨረሻ ላይ መምጣት ያለበትን ጠንካራ ኪኒንና መርፌ መጀመሪያ እናደርገዋለን፤ መጀመሪያ መሞከር የነበረበትን ደግሞ "ይሄማ ምን ሊያደርግ" ብለን እንተወዋለን።

መጀመሪያ፣ በእርግጥ የትኛው ሕመም ነው?

በእድሜ ገፋ ያሉ ሰዎች ላይ በብዛት የሚታየው የጉልበት ሕመም የልም አጥንት፣ ማለትም የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ንጣፍ፣ መሸርሸር ነው፣ ሐኪሞቹ ኦስቲዮአርትራይተስ የሚሉት። በሰፈር ቋንቋ "ቅባቱ አለቀ" ይባላል። ነገሩ ግን ከቅባት ማለቅ በላይ ነው። ልም አጥንቱ ይሳሳል፣ አጥንቱ ዳር ዳሩን ትርፍ አጥንት ያበቅላል፣ በዙሪያው ያለው ጡንቻ ይደክማል፣ የመገጣጠሚያው ሽፋንም አንዳንዴ ይቆጣል።

ምልክቱ ግልጽ ነው። ሰውየው ከ45 ዓመት በላይ ነው። ሲራመድ፣ ደረጃ ሲወርድ፣ ከበርጩማ ሲነሣ ያመዋል፣ ሲያርፍ ይሻለዋል። ጠዋት ጉልበቱ ይተሳሰራል፣ ግን ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ይፍታታል። ይህ ከተሟላ ሐኪም ያለ ራጅ ሊለየው ይችላል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2022 ባወጣው መመሪያ ምልክቱ የተለመደው ዓይነት ከሆነ ራጅ እንደማያስፈልግ በግልጽ አስቀምጧል። ራጁና ሕመሙ ብዙ ጊዜ አይገጣጠሙም። ራጁ ክፉኛ የተበላ አጥንት እያሳየ ደህና የሚራመድ አለ፤ ራጁ ደህና ሆኖ የሚያቃስትም አለ። ስለዚህ ራጅ አይታችሁ ብቻ አትደንግጡ።

እኛ ዘንድ ሁሉም የመገጣጠሚያ ሕመም "ሪህ" ስለሚባል ነገሩ ይምታታል። ትክክለኛው ሪህ የዩሪክ አሲድ ክምችት ነው። በአንድ ሌሊት ድንገት ይነሣል፣ መገጣጠሚያው ይቀላል፣ ያብጣል፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኻል፣ ብዙ ጊዜም የሚጀምረው ከእግር አውራ ጣት ነው። ሕክምናው ሌላ ነው። ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚተሳሰርና የሁለቱንም እጅ ጣቶች የሚያሳብጥ ከሆነም ሌላ በሽታ ነው፣ ሌላ መድኃኒት ይፈልጋል።

የሚከተሉት ከታዩ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ትታችሁ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፦ ጉልበቱ ግሎ፣ ቀልቶ፣ አብጦ ትኩሳት ካለ፤ ከወደቁ በኋላ መቆም ካቃታቸው፤ ባት ብቻውን አብጦ ካመመ። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳና ከክብደት መቀነስ ጋር የመጣ ሕመምም ቀጠሮ ተይዞለት በደንብ መመርመር አለበት። አንዳንዴ ደግሞ ጉልበት የሚያመው ከዳሌ በመጣ ችግር ነው። ጎበዝ ሐኪም ጉልበት ታመምኩ ሲሉት ዳሌንም አንቀሳቅሶ ያያል።

"እድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል" የሚባለውን ግን አትቀበሉ። እድሜ በሽታ አይደለም። የ80 ዓመት ሰው ጉልበትም ይሻሻላል።

በምን እንመዝናቸው?

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት መስፈርቱን እናስቀምጥ። እኔ የምጠይቃቸው አምስት ናቸው።

ሕመሙን ምን ያህል ይቀንሳል፣ ለስንት ጊዜስ? ኩላሊትን፣ ጨጓራንና ልብን ምን ያደርጋል? አዛውንት እየወሰዱት ካለው ሌላ መድኃኒት ጋር ይጣላል ወይ? ወጪው አንዴ ተከፍሎ የሚያበቃ ነው ወይስ በየወሩ ከኪስ የሚወጣ? አምስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፦ እናታችሁ ማድረግ የምትፈልገውን ነገር ያስችላታል ወይ?

ይህን የመጨረሻውን ራሳቸውን ጠይቋቸው። እማዬን "ምን ቢሻልሽ ደስ ይልሻል?" ስላት ደረጃም ገበያም አላለችም። "ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ቆሜ ማስቀደስ" አለች። የጎረቤታችን አባት ደግሞ ለሶላት ጎንበስ ብለው መነሣት ነው የሚፈልጉት። ሕክምናው ሠራ አልሠራም የሚለካው በዚህ ነው።

እንቅስቃሴ፦ ሰው የማያምነው፣ ግን ቀዳሚው መድኃኒት

አውቃለሁ፣ ያመመው ጉልበት ላይ ስፖርት ሥሩ ማለት ጭካኔ ይመስላል። ለእኛም መሰለን። "ጉልበቴ እየተበላ ነው፣ ባንቀሳቅሰው ይብሳል" የሚለው ፍርሃት የሁሉም ነው። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ጉልበትን የሚሸከመው የጭን የፊት ጡንቻ ነው። ሰው ሲያመው ይቀመጣል፣ ሲቀመጥ ጡንቻው ይሰልላል፣ ጡንቻው ሲሰልል ሸክሙ መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል፣ ሕመሙም ይብሳል። ይህን ክብ የሚሰብረው እንቅስቃሴ ነው። በጥናቶች እንደታየው የሚሰጠው እፎይታ ከማስታገሻ ኪኒን ብዙም አያንስም፣ ኩላሊት ግን አይነካም።

እማዬ የምትሠራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ አንዱን እግሯን ቀጥ አድርጋ ትዘረጋለች፣ ጡንቻው ጥብቅ እንዲል ጣቶቿን ወደ ራሷ ትስባለች፣ እስከ 5 ትቆጥራለች፣ ቀስ ብላ ታወርዳለች። በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ። ሁለተኛው ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ነው። መጀመሪያ በሁለት እጇ ጠረጴዛ እየተደገፈች 3 ጊዜ ብቻ ነበር የምትችለው። ወንበሩ ግድግዳ ተደግፎ እንዳይንሸራተት አደረግነው። ዜና ሲጀምር ትጀምራለች፣ ሰዓቱን በዚያ ነው የያዘችው። ሁለት ወር ገደማ ሲሞላት 10 ደረሰች፣ ጠረጴዛውንም ለቀቀች።

ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ትንሽ ሊያም ይችላል፣ ብዙ ሰው የሚያቋርጠውም እዚህ ላይ ነው። ሲሠሩ የሚሰማ መለስተኛ ሕመም ችግር የለውም። በማግሥቱ ጠዋት ከወትሮው ብሶ ካደረ ግን ቁጥሩን ቀንሱ፣ አትተዉት። ለውጡ በደንብ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ነው። አንድ ሁለት ጊዜ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሄዶ አሠራሩን መማር ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ይቀጥላል፣ ገንዘብ አይጠይቅም።

ክብደትስ? ከመጠን በላይ የወፈረ ሰው 1 ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ሸክም 4 ኪሎ ያህል ይቀንሳል። 5 ኪሎ ማለት 20 ኪሎ ነው፣ አስቡት። ግን ይህ ለወፈረ ሰው ነው። ብዙዎቹ እናቶቻችን ቀጭን ናቸው፣ እነሱን "ቀንሱ" ማለት ያላቸውን ጡንቻ ማሳጣት ነው። እነሱ ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል መጨመር ነው ያለባቸው። በጾም ወራት ደግሞ ምስሩና ሽሮው ይብዛላቸው።

ከዘራና የቤት ውስጥ ማስተካከያ

ከዘራ ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ ግን አብዛኛው ሰው በተሳሳተው እጅ ነው የሚይዘው። ከዘራ የሚያዘው ካመመው እግር በተቃራኒው እጅ ነው። ቀኝ ጉልበት ካመመ በግራ እጅ። ከዘራውና የታመመው እግር አብረው ይራመዳሉ። ቁመቱ እጅ ወደ ታች ሲንጠለጠል የእጅ አንጓ ላይ መድረስ አለበት። ጫፉ ላይ ላስቲክ ከሌለ ሊሾ ወለል ላይ ያንሸራትታልና አስገቡለት። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የታመመው ይቀድማል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ዝቅታውን አጥፉ። ጉልበትን የሚገድለው ዝቅ ብሎ መነሣት ነው። እኛ ቤት ትልቁን ለውጥ ያመጣው በርጩማው ነበር። እማዬ ቡና የምታፈላው ከመሬት ትንሽ ከፍ ባለ በርጩማ ላይ ሆና ነው፣ በሦስቱም ዙር ደጋግማ ትነሣለች። ወንበር ላይ እንድትቀመጥ፣ ረከቦቱም ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ እንዲሆን ስንጠይቃት መጀመሪያ ተቆጣች፣ "ቡና እንዲህ አይፈላም" አለች። አሁን ለምዳዋለች። ሽንት ቤቱ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ መሀሉ ክፍት የሆነ ወንበር አናጺ ይሠራላችኋል። ስግደትን በተመለከተ የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ። ለሶላትም ላልቻለ ሰው ተቀምጦ መስገድ የተፈቀደ ነው። ብዙ አዛውንት ይህን ከልጅ ሳይሆን ከሃይማኖት አባት ሲሰሙት ነው የሚረጋጉት።

የሚቀባ ዳይክሎፌናክ

መድኃኒት ካስፈለገ ከዚህ ጀምሩ። ጉልበት ለቆዳ ቅርብ ስለሆነ ቅባቱ ይደርስለታል። ወደ ደም የሚገባው ኪኒኑ ከሚያስገባው 6 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ጨጓራና ኩላሊት ላይ የሚያደርሰው ጫና በጣም ያነሰ ነው። የናይስ መመሪያም ለጉልበት ከኪኒኑ በፊት ይህን ነው የሚያስቀድመው።

ብዙ ሰው "ቀባሁት፣ አልሠራም" የሚለው አንድ ጊዜ ቀብቶ ስለሚተው ነው። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በወረቀቱ ላይ በተጻፈው መጠን፣ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት መቀባት አለበት። ቀብቶ እጅ መታጠብ፣ ቁስል ላይ አለማድረግ፣ ላዩን በላስቲክ አለመጠቅለል። የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ካለ ቅባት ነው ብላችሁ አትናቁት፣ ለሐኪሙ ንገሩት። ሜንቶል ያላቸው የሚያቃጥሉ ቅባቶች ሌላ ነገር ናቸው፤ ለጊዜው ሕመሙን ያዘናጋሉ፣ ከዚያ አያልፉም።

ፓራሲታሞል

ለጨጓራ የዋህ ነው፣ ግን ለዚህ ሕመም ኃይሉ ትንሽ ነው። ናይስም በመደበኛነት እንዲሰጥ አይመክርም። ሌላ ለማይስማማቸው፣ ሠርግ ወይም ለቅሶ ላለበት ቀን፣ አልፎ አልፎ ይጠቅማል። በቀን ከ4 ግራም አይለፍ። ከ50 ኪሎ በታች ለሆኑ፣ ለደከሙ ወይም ጉበታቸው ለተነካ ከዚያ ያነሰ ነውና መጠኑን ሐኪም ይወስን። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ስላለ ሳይታወቅ ይደራረባል።

ዳይክሎፌናክና ዘመዶቹ፣ ኪኒንም መርፌም

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። እነዚህ መድኃኒቶች ይሠራሉ፣ ችግሩም ይኸው ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ እማዬ ተነሥታ ስትራመድ አይቼ "ታምር ነው" ብያለሁ። እፎይታው እውነት ስለሆነ ማንም ማቆም አይፈልግም።

ከውስጥ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። የጨጓራን መከላከያ ያሳሳሉ፣ አዛውንት ላይ ምንም ሳያስጠነቅቅ ጨጓራ ሊደማ ይችላል። ጥቁር ሰገራ ካያችሁ ወዲያው ሆስፒታል ነው። ግፊት ይጨምራሉ፣ የግፊት መድኃኒቱም ሥራውን እንዳይሠራ ያደርጋሉ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 ዳይክሎፌናክ የልብ ድካም ላለባቸው፣ የልብ ደም ሥራቸው ለጠበበና ስትሮክ ለመታቸው ሰዎች እንዳይሰጥ ከልክሏል።

ኩላሊት ላይ ደግሞ የሦስት መድኃኒቶች ግጥምጥሞሽ አለ። ኢናላፕሪል ወይም መሰሉ፣ የሚያሸና ኪኒን፣ ከእነሱ ላይ ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን። ሦስቱ ሲገናኙ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ይቀንሳል፣ ኩላሊቱም በድንገት ሊደክም ይችላል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት። ከእማዬ ፌስታል የወጣው ልክ ይኸው ነበር። ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲጨመርበት፣ ወይም በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት፣ በረመዳን እስከ ማታ ውኃ ሳይጠጣ ሲዋል አደጋው ይብሳል። በባዶ ሆድ መዋጡም ለጨጓራ ሌላ ጣጣ ነው።

ደግሞ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። "መርፌው ይሻላል፣ ጨጓራ አይነካም" ይባላል። ልክ አይደለም። ጨጓራን የሚጎዳው መድኃኒቱ በደም ዞሮ ነው፤ በአፍም ገባ በመቀመጫ ያው ነው።

ኩላሊታቸው ተመርምሮ ደህና ከሆነ፣ የልብና የጨጓራ ችግር ከሌለ፣ ሐኪም ካዘዘ፣ በትንሹ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ፣ ከጨጓራ መከላከያ ለምሳሌ ከኦሜፕራዞል ጋር፣ ከምግብ በኋላ መውሰድ ይቻላል። አንዱን ብቻ። ሁለቱን አንድ ላይ በፍጹም።

ትራማዶልና ፕሬድኒሶሎን

እነዚህን ለጉልበት ከፋርማሲ እንዲሁ አትግዙ። ትራማዶል የተባለው ጠንካራ ማስታገሻ ያፈዛል፣ ሆድ ያደርቃል፣ አዛውንትን ግራ ያጋባል፣ ሌሊት ለሽንት ሲነሡ ይጥላቸዋል። ጉልበት ላድን ብሎ ዳሌ መስበር ማለት ነው። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ የስቴሮይድ፣ ማለትም መቆጣትን የሚያበርድ ኪኒን ነው፤ ሲወስዱት ሰውነትን ፍክት ያደርጋል፣ ግን ስኳርና ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል። ለረጅም ጊዜ ሲወስዱት የቆዩ ካሉም በድንገት እንዳያቆሙ፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ነው የሚያስቆማቸው።

ጉልበት ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ

ጉልበቱ አብጦ፣ ውኃ ቋጥሮ፣ ሰውየው ስፖርቱን እንኳ መጀመር ሲያቅተው ጥሩ አማራጭ ነው። እፎይታው ለሳምንታት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 10 ሳምንት። ያን ጊዜ ጡንቻ ለማጠንከር ከተጠቀሙበት ትርፍ አለው። ዝም ብለው ከተቀመጡ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል።

በየሦስት ወሩ ልማድ ማድረግ ግን አይመከርም። በ2017 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 140 ሰዎች ለሁለት ዓመት ተከታተሏቸው። ግማሾቹ በየ12 ሳምንቱ ትራያምሲኖሎን የተባለ ስቴሮይድ፣ ግማሾቹ ተራ የጨው ውኃ ተወጉ። በሕመሙ ልዩነት አልታየም፣ ስቴሮይድ የተወጉት ልም አጥንት ግን ይበልጥ ሳሳ። ስኳር ያለባቸው ከተወጉ በኋላ ለጥቂት ቀናት ስኳራቸው ይወጣልና በየቀኑ ይለኩ። ቀዶ ሕክምና ከታሰበም በቅርቡ መወጋታቸውን ለሐኪሙ ይናገሩ፣ በሦስት ወር ውስጥ ከሆነ የኢንፌክሽን አደጋ ይጨምራል።

ግሉኮሳሚን፣ የቫይታሚን መርፌና "ቅባት የሚተካ" መርፌ

አጭሩን ልንገራችሁ። በ2006 የወጣ፣ 1583 ሰዎችን ያሳተፈ ትልቅ ጥናት ለመገጣጠሚያ ተብለው የሚሸጡትን ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲንን መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ኪኒን ጋር አነጻጽሮ በጥቅሉ ልዩነት አላገኘም። ከባድ ጉዳት የለውም፣ ግን ብሩ ሌላ ቦታ ይሻላል። የቢ ቫይታሚን መርፌ እጥረት ላለበት ሰው መድኃኒት ነው፣ ልም አጥንት ግን አይሞላም። "ቅባት የሚተካ" የሚባለው፣ ጉልበት ውስጥ የሚወጋው ሃያሉሮኒክ አሲድ ውድ ነው። ናይስ አይመክረውም፣ እኔም ለዚያ ስል ዕቁብ አልሰብርም።

ወጌሻ፣ ዋገምትና ፍልውሃ

ሙቀት ያፍታታል። የሞቀ ፎጣ፣ የሞቀ ውኃ፣ ፍልውሃ መሄድ ደስ የሚል ነገር ነው፤ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ግን ከሙቅ ውኃ ሲወጡ እንዳያዞራቸው ሰው አጠገባቸው ይሁን። ለስላሳ እሽትም ክፋት የለውም። ጠምዝዞና ጎትቶ "ቦታው እመልሳለሁ" የሚል ወጌሻ ግን ይቅርባችሁ፣ ምክንያቱም የተሸረሸረ ልም አጥንት የሚመለስበት ቦታ የለም፣ የሳሳ የአዛውንት አጥንት ደግሞ በቀላሉ ይሰበራል። ዋገምትም የስኳር ሕመምተኛ ላይ የማይድን ቁስል ሊያስከትል ይችላል። ጸበል የሚሄዱ ይሂዱ፣ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ።

መገጣጠሚያ መቀየር

ሌላው ሁሉ በትክክል ተሞክሮ፣ ሕመሙ እንቅልፍ እየነሣ፣ ሰውየው ከቤት መውጣት ካቆመ ቀዶ ሕክምናን አትፍሩ። ብዙ ቤተሰብ "በዚህ እድሜ?" ብሎ ይዘጋዋል። እድሜ ብቻውን ክልከላ አይደለም፣ ልብ፣ ስኳርና ጥርስ ተመርምሮ ይወሰናል። ጥርስ ያልኩት የተበላሸ ጥርስ ኢንፌክሽኑ በደም ሄዶ አዲሱን መገጣጠሚያ ሊያበላሽ ስለሚችል ነው። ሙሉ በሙሉ ከተቀየሩ ጉልበቶች 100 ውስጥ 82 ያህሉ 25 ዓመት እንደሚቆዩ በ2019 የታተመ ትልቅ ግምገማ አሳይቷል።

ሆኖም ሁለቱን ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። ከ5 ሰዎች 1 ያህሉ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ያሰበውን ያህል አይሻለውም። ደግሞ በአዲሱ ጉልበት መንበርከክና ቁጢጥ ማለት ብዙ ጊዜ ይከብዳል፣ ለሚሰግድ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም ሳይነግረው መግባት የለበትም። ፊዚዮቴራፒው ወራት ይፈልጋል። ሕንድ ወይም ታይላንድ ለመሄድ የምታስቡ ከሆነ "ስንመለስ ማን ያሠራቸዋል?" የሚለውን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት መልሱ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ረጅም በረራ ለደም መርጋት ያጋልጣል፣ መቼ መብረር እንደሚቻልም ጠይቁ።

በካሜራ ገብቶ "ማጽዳት" የሚባለውን ግን እለፉት። በ2002 በ180 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ቆዳ ብቻ ተቀዶ ከተሰፋላቸው ሰዎች የተለየ ውጤት እንደሌለው አሳይቷል።

ሁሉም በአንድ ላይ

| አማራጭ | እፎይታው | የሚቆየው | ዋናው ስጋት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| እንቅስቃሴ | ጥሩ፣ ግን ዘገምተኛ | እስከሠሩ ድረስ | መጀመሪያ ትንሽ ማመም | ከምንም እስከ ጥቂት |
| ከዘራና የቤት ማስተካከያ | መለስተኛ | ሁልጊዜ | በተሳሳተ እጅ መያዝ | ጥቂት፣ አንዴ |
| የሚቀባ ዳይክሎፌናክ | መለስተኛ እስከ ጥሩ | እስከቀቡ | የቆዳ መቆጣት | መካከለኛ፣ በየወሩ |
| ፓራሲታሞል | ትንሽ | ሰዓታት | መጠን ማለፍ፣ ጉበት | ጥቂት |
| ዳይክሎፌናክ ኪኒን ወይም መርፌ | ጥሩ፣ ፈጣን | ሰዓታት | ኩላሊት፣ ጨጓራ፣ ልብ | ሲገዛ ጥቂት፣ ጉዳቱ ውድ |
| ትራማዶል | መለስተኛ | ሰዓታት | መውደቅ፣ መፍዘዝ | ጥቂት እስከ መካከለኛ |
| የጉልበት ስቴሮይድ መርፌ | ጥሩ | ሳምንታት | ስኳር፣ ሲደጋገም ልም አጥንት | መካከለኛ |
| ግሉኮሳሚን | ከባዶ ኪኒን አይለይም | የለም | ገንዘብ ማባከን | ውድ፣ በየወሩ |
| መገጣጠሚያ መቀየር | በጣም ጥሩ፣ ለአብዛኛው | ዓመታት | ኢንፌክሽን፣ የደም መርጋት | በጣም ውድ፣ አንዴ |

ለማን የቱ?

ገንዘብ ከሌለ አትጨነቁ፣ ምርጡ አማራጭ ነጻው ነው። ሁለቱን የወንበር ልምምዶች፣ ከዘራና ከፍ ያለ ወንበር ያዙ። ያላችሁን ትንሽ ብር በመድኃኒት ፈንታ ለአንድ የክሬአቲኒን ምርመራና ለአንድ ቀን ፊዚዮቴራፒ አውሉት።

ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ካለ ኪኒኑንና የመቀመጫውን መርፌ ከዝርዝሩ ሰርዙ። እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ሐኪም ከፈቀደ ቅባት። ፋርማሲ ስትሄዱ "የጉልበት መድኃኒት" ብቻ አትበሉ፤ "ኢናላፕሪል ትወስዳለች፣ 74 ዓመቷ ነው" በሉ። ጥሩ ፋርማሲስት ይህን ሲሰማ ራሱ ያስቆማችኋል።

ጉልበቱ በጣም አብጦ ለሚሰቃዩ፣ አንድ የስቴሮይድ መርፌ ወስደው በዚያው ሳምንት ልምምድ ይጀምሩ። ሁሉን በትክክል ሞክረው ስድስት ወር ለውጥ ያጡ ደግሞ የአጥንት ስፔሻሊስት ዘንድ ይሂዱ፤ እንደ ጥቁር አንበሳ ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች የአጥንት ሕክምና ክፍል አላቸው። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ፌስታሉን እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከጎረቤት የተሰጠውንም፣ ከውጭ የተላከውንም።

ውጭ ሀገር ሆናችሁ የምትረዱ ልጆችም፣ ግሉኮሳሚኑን ተዉትና ላስቲክ ያለው፣ ቁመቱ የሚስተካከል ከዘራ ላኩ። ወይም የፊዚዮቴራፒውን ክፈሉ። እህቴ አሁን እሁድ እሁድ በቪዲዮ ትደውላለች። እማዬ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ ታስደግፈዋለች፣ ሁለቱም ወንበራቸውን ግድግዳ ያስደግፋሉ፣ ከዚያ እየተነሡ እየተቀመጡ አብረው ይቆጥራሉ። ባለፈው እሁድ 12 ደርሰዋል።